ፕሮፌሰሯ እድር የገቡ ጊዜ

በዳላስ ዙሪያ የሰው ቤት እየዞርኩ አረጋውያን ስንከባከብ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ብዙዎቹ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ውትድርናቸው፣ ስለ ድሮ መኪናቸው ያወሩኛል። ማኪኒ ከተማ የነበሩት ፕሮፌሰር ግን የሚያወሩኝ ከሞቱ ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት ስላለፋቸው ሰዎች ነበር፤ ያውም እንደ ጎረቤት። "ያቺ ዳቦ ጋጋሪ" ይላሉ፣ "ያ ጫማ ሰፊ" ይላሉ። መጀመሪያ ላይ የመርሳት በሽታ የጀመራቸው መስሎኝ ለቀጠረኝ ኤጀንሲ ሪፖርት ላደርግ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነገሩ የገባኝ ዋል አደር ብዬ ነው። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመካከለኛውን ዘመን የአውሮፓ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ያጠኑት ግን ንጉሥና ጳጳስ አይደለም። ገበሬው፣ ባልዋ የሞተባት ሴት፣ ጨርቅ ቀለም ነካሪው ሃይማኖቱን በየቤቱ እንዴት ይኖረው እንደነበር ነው። እሳቸውም ካቶሊክ ነበሩ። ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸው እስያ ነው የሚሠራው። ቤታቸው በቅርብ ከተሠሩት ሰፈሮች አንዱ ውስጥ ነበር፤ እዚያ ሰፈር ጎረቤትህ በሕይወት መኖሩን የምታውቀው የጋራዡ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ስትሰማ ብቻ ነው።

ትውውቃችን በኩርፊያ ጀመረ ማለት ይቻላል። ረቡዕ ቀን ነበር። ሳንድዊቻቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሲያቀርቡልኝ ጾመኛ ነኝ አልኳቸው።

"ከሥጋ ነው የምትጾሚው?" አሉ።

"ከሥጋም፣ ከወተትም፣ ከቅቤም፣ ከእንቁላልም።"

"ዓርብም?"

"ዓርብም።"

"በዐቢይ ጾምስ? ሁሉንም ቀን?"

"ሁሉንም ቀን።"

መነጽራቸውን አጥልቀው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "አርባ ዓመት ሙሉ ስለ እናንተ ዓይነት ጾመኞች ሳነብ ኖሬ አንዳችሁን በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር" አሉ። እኔ ደግሞ ቶሎ ቱግ የምል ሰው ነኝ። የሙዚየም ዕቃ አይደለሁም ብዬ ሳህኑን እያንኳኳሁ አጠብኩ። ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ወዲያው ግን እስከ ስንት ሰዓት ሳልበላ እንደምቆይ ጠየቁኝ። እንዲህ ዓይነት ሴት ላይ ኩርፊያ አይሠራም።

ከዚያ ወዲህ እግራቸውን ሳሽ፣ ፀጉራቸውን ሳበጥር ያስተምሩኝ ጀመር። በዚያ ዘመን ሰዓት የሚናገረው የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው አሉ፤ ገበሬው ከእርሻው ቀና የሚለውም፣ እናት ልጆቿን የምትሰበስበውም በደወል ነው። ቀኑ የሚጠራው በቅዱሳን ስም ነው። ሠራተኛ የሚቀጠረው በሚካኤል ነው፣ እሳት የሚለኮሰው በዮሐንስ ነው። እኔም የተወለድኩት በሰኔ ሚካኤል ማግሥት ነው፣ ፓስፖርቴ ላይ ያለው ጃንዋሪ አንድ የስደተኞች ቢሮ የሰጠኝ ነው አልኳቸው። ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ።

የወለደች ሴት በአርባ ቀኗ ሻማ ይዛ ቤተ ክርስቲያን ትሄድ ነበር። በየእሑዱ አንድ ቤት ተራውን ጠብቆ ዳቦ ይጋግራል፤ ቄሱ ይባርከውና ለምእመኑ ሁሉ ይቆረሳል፤ የተጣሉ ሰዎችም ከዚያው ዳቦ ነው የሚቀምሱት። በፀደይ የሰበካው ሰው ሁሉ መስቀል ተሸክሞ ማሳውን እየዞረ ስለ አዝመራው ይጸልያል። ሰው ሊሞት ሲያጣጥር ቄሱ ቅዱስ ቁርባኑን ይዞ በመንገድ ሲያልፍ ፊት ፊቱ ትንሽ ደወል ይደወላል። ነጋዴውም ለማኙም ጭቃው ላይ ይንበረከካል፤ አንዳንዱም የሚሄድበትን ትቶ እስከ በሽተኛው ቤት ይከተላል።

እዚህ ላይ ማበጠሪያውን አስቀመጥኩ። "የማያውቁት ሰው ቤት?" አልኩ።

"የማያውቁት ሰው ቤት" አሉኝ።

እኔ ስለ ካቶሊክ ደግ ደጉን እየሰማሁ አላደግኩም። አገራችን ውስጥ የቆየ ቂም አለ፤ ሃይማኖታችንን ሊያስጥሉን መጥተው አባቶቻችን እንዳባረሯቸው ነው ሲነገረኝ የኖረው። እውነቱን ልናገር፣ እነዚያን ሰዎች ግን ወደድኳቸው። አብዛኞቹ አንድ ፊደል አይለዩም። ሃይማኖታቸው ግን በሚበሉትና በማይበሉት፣ በሚነሡበትና በሚተኙበት፣ ልጅ ክርስትና በሚያነሡበት፣ ጎረቤት በሚቀብሩበት ሁሉ ውስጥ አለ። እኔ ስድስት ቀን ሙሉ ከአንዱ የክፍያ መንገድ ወደ ሌላው ስሮጥ ከርሜ እሑድ ለሁለት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ክርስቲያን ነኝ እላለሁ። ፕሮፌሰሯ ክፉውንም አልደበቁኝም፤ አይሁድ ጎረቤቶቻቸውን ያሳደዱትን፣ ከድሃ ዶሮ ሳይቀር አሥራት የሚወስደውን ቄስ ነግረውኛል። ያም ሆኖ ስለ እነሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልስ ነበር።

አንድ ቀን ከመደርደሪያው ራሳቸው የጻፉትን መጽሐፍ እንዳወርድላቸው አዘዙኝ። ስለ አንድ መንደር ማኅበር ነው። ዳቦ ጋጋሪው፣ አንጥረኛው፣ ወንዱም ሴቱም አባል ነው። ማኅበሩ አንድ ትልቅ ሻማና አንድ የሬሳ ሳጥን ማልበሻ ጨርቅ አለው፤ ሀብታም ቢሞት ያ ጨርቅ ነው፣ ድሃ ቢሞትም ያው ጨርቅ ነው። አባል ሲሞት ሁሉም ሥራውን ትቶ ይቀብራል፤ የታመመውን ተራ ገብተው ያስታምማሉ።

"ይህማ እድር ነው!" ብዬ ጮህኩ።

እድር ምን እንደሆነ እስኪመሽ አስረዳኋቸው። ወንበሩን ማን ያመጣል? ድንኳኑ የት ይቀመጣል? ለቀስተኛውን ማን ያበላል? የቀረ ሰው ምን ይባላል? መልሴን ሁሉ በእርሳስ ይጽፋሉ። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጡ። 

"ዕድሜዬን ሙሉ የእነዚህን ሰዎች ስም ዝርዝር ሳነብ ኖርኩ" አሉ። "እኔ ግን የማንም ዝርዝር ውስጥ የለሁም። ስሞት ልጄ በአውሮፕላን ይመጣል። አምስት ሰው አንዲት ክፍል ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። በቃ።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "እድራችሁ ይቀበለኛል?"

ሳቅሁ። ፊታቸውን ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ፤ የሚለምን ሰው ፊት ነበር።

የእድራችን ስብሰባ በወር አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ሊቀመንበሩን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዲኤፍደብሊው ኤርፖርት አሥራ ስምንት ዓመት መንገደኛ በዊልቸር ሲገፉ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። በእድሩ ደንብ አይቀልዱም። ጉዳዩን ሳቀርብ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ሰሙኝና "ሶ፣ አንቺ የምትዪው፣ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ ታመዋል፣ ሐበሻ አይደሉም፣ ካቶሊክ ናቸው። ሌላስ?" አሉ።

"ደግ ሰው ናቸው፣ ጋሼ።"

"ደግነት ፎርሙ ላይ የለም። ደንቡ አባል ስድስት ወር ሳይቆይ አይቀበርም ይላል። ማለቴ፣ እሳቸው ስድስት ወር ይቆያሉ?"

አንዷ ሴት ነውር ነው አለች፤ አንዱ ሹፌር እድር ኢንሹራንስ አይደለም አለ፤ ሌላው እኛስ በሰው አገር ማን ነን አለ። ጉባኤው በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመረ። ጋሼ ጠረጴዛውን መቱና ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር አሉ። በእኛ ዘንድ ይደር የተባለ ነገር የት እንደሚያድር አውቃለሁ። ለፕሮፌሰሯ ግን "እያሰቡበት ነው" አልኳቸው፤ ሰኞ በመጣ ቁጥር "አሰቡበት?" ይሉኛል።

በኦገስት አንድ ጠዋት በሩን ከፍቼ ስገባ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። አምቡላንስ ጠራሁ። ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ሆኜ ለጋሼ ደወልኩ፤ በዚያ ቀን የእድሩ የምግብ ተራ የእኔ ስለነበር መቅረቴን ለመንገር ነው። ድምፃቸውን ስሰማ ግን ሆድ ባሰኝ። "ጋሼ፣ ፕሮፌሰሯ..." ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። "በቃ፣ በቃ። ገባኝ። አይዞሽ የኔ ልጅ" አሉ። ነርሷ ስትጠራኝ ስልኩን ዘጋሁት።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። የሚያለቅስ ሰውም በስልክ አይመረመርም፤ ተነሥቶ ይኬዳል እንጂ። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ያን ዕለት ግን ምን ነካኝ፣ ጭራሽ ትዝ አላለኝም።

ፕሮፌሰሯ የጎደላቸው ፈሳሽ ኖሮ ጉሉኮስ ተሰጥቷቸው ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ተመለስን። ሶፋው ላይ ደግፌ አስቀምጬ ትራስ ሳበጅላቸው የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ በር፣ ከዚያም ሌላ። በመስኮት ሳይ ክው አልኩ። መንገዱ ዳርና ዳር በመኪና ሞልቷል። መኪናዬ የተበላሸ ጊዜ እዚህ ያደረሰኝ ሹፌር ከፊት ሆኖ ቤቱን ያሳያል። ወንዶቹ ታጣፊ ወንበርና ድንኳን ያወርዳሉ፤ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ድስት ተሸክመው ይመጣሉ። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ከፊት ናቸው። የጎረቤቱ ጋራዥ ተከፍቶ ሰውየው አፉን ከፍቶ ያያል፤ ፊቱን ሳየው ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው።

"እነማን ናቸው?" አሉ ፕሮፌሰሯ። "ማን ሞቶ ነው?"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "እርስዎ" አልኳቸው።

መጀመሪያ አልገባቸውም። እየተንተባተብኩ ሳስረዳቸው ጎናቸውን ይዘው ሳቁ፤ ከሳቁ መሐል እንባ መጣ፤ እንባው አልቆም አለ። "መራመጃ ድጋፌን አቀብዪኝ" አሉ። "በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።"

በሩ ሲከፈት ከፊት የነበረችው ሴት "ዋይ ዋይ" ማለት ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። ሌላዋ "በስመ ሥላሴ!" ብላ አማተበች። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው የሠራሽን?"

"ጋሼ ይሙቱ፣ ሞቱ አላልኩም እኮ!"

"በጠዋት ኮል አድርገሽ ስታለቅሺ ምን ልበል? ስንት ዓመት ሊቀመንበር ሆኜ በጠዋት ደውላ ያለቀሰችን ሴት ጠይቄ አላውቅም!"

ፕሮፌሰሯ ክንዴን ጨበጡኝ። "አንድ ነገር ጠይቂልኝ" አሉ። "አባል አይደለሁም፤ አልተቀበሉኝም፤ ታዲያ ለምን መጡ?"

ተረጎምኩ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አገላበጡ። "ሰው ሞተ ሲባል ደንቡን ማን ያነባል?" አሉ።

ለለቅሶ የተሠራ ምግብ ተመልሶ አይሄድምና ሁሉም ገባ። ሳሎኑ ሞላ፣ ጋራዡም ሞላ። ፕሮፌሰሯ በድጋፋቸው እየዞሩ እያንዳንዱን በእጁ ጨበጡ። ምስሩን ሁለቴ አስጨመሩ። ከዚያ ስለ መንደሩ ማኅበር፣ ስለ አንዱ ሻማና ስለ አንዱ ጨርቅ ነገሩን፤ እኔ እየተረጎምኩ። ሰዉ መብላቱን ትቶ ሰማቸው። ጋሼ ብቻ ጥያቄ ነበራቸው፤ ከቀብር የቀረ አባል በዚያ ዘመን ይቀጣ ነበር ወይ አሉ። ለሻማው የሚሆን ሰም ይቀጣ ነበር ሲባሉ ጉልበታቸውን መቱ። "አያችሁ! እኔ ብቻ ነኝ ክፉው ትላላችሁ።"

ሊሄዱ ሲነሡ ግን ፊታቸው ተቀየረ። "ንገሪያቸው" አሉኝ። "እድር መቀበር ብቻ አይደለም፤ መቅበርም አለበት። ይችላሉ ወይ?"

"ከዊልቸር መነሣት ባልችልስ?" አሉ ፕሮፌሰሯ።

"ዊልቸሩን እኔ እገፋለሁ" አሉ ጋሼ። "እሱ ሥራዬ ነው።"

ፕሮፌሰሯ ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ኖሩ፤ በስምንት ወር አምስት ለቅሶ ወጡ። ጥቁር ካፖርታቸውን አስለብሳቸዋለሁ፤ ጋሼ ይመጡና ይገፏቸዋል። የሚባለው አንዱም አይገባቸውም። ይቀመጣሉ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ያለቅሳሉ፤ ሳህን ሲመጣ ይቀበላሉ። እህቷ የሞተችባት አንዲት የግሬፕቫይን ከተማ ሆቴል ሠራተኛ እጃቸውን ይዛ አንድ ሰዓት ሙሉ በአማርኛ ስታጫውታቸው አይቻለሁ፤ እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። አንዴ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩና ጋሼ ደውለው ተቆጧቸው። ስልኩን ዘግተው "ተቆጡኝ!" ሲሉኝ ፊታቸው በርቶ ነበር።

ከሦስተኛው ለቅሶ ስንመለስ ያንን የራሳቸውን መጽሐፍ አስመጡኝ። የማኅበሩ ሰዎች ለቀብር የሚወጡት ለነፍሳቸው ፈርተው ነው ብለው የጻፉበትን ገጽ ፈለጉ። አረፍተ ነገሩን በእርሳስ ሰረዙት። "ፍርሃቱም ነበር" አሉ። "ግን ዋናው እሱ አልነበረም። ለእነሱም ሰው ስለመጣላቸው ነው የሚመጡት። ወንበር ላይ ተቀምጬ ካላየሁት በቀር ይህን ከየት አውቀው ነበር?" ያን ያህል የተማረ ሰው በዚያ ዕድሜ ተሳስቻለሁ ሲል እኔ ሌላ አላየሁም። ያን ዕለት ከማንኛውም ቀን አብልጬ አከበርኳቸው።

በሚያዝያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአልጋቸው ላይ አረፉ። ቄሳቸው ቅብዓቱን ቀብተዋቸው ነበር፤ እኔና ተራ የገቡ ሁለት የእድር ሴቶች አጠገባቸው ነበርን።

ልጃቸውን ከዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሃምሳ ዓመት የሚሆነው፣ ትሑት፣ ስልኩ ከእጁ የማይለይ ሰው ነው። መኪና ውስጥ ሁሉንም ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ እንደጨረሰ ነገረኝ፤ ከቀብሩ በፊት ለስንብት አንዲት ትንሽ ክፍል፣ አሥራ ሁለት ወንበር። "እናቴ ሰው የላትም" አለ። "እኩዮቿ ሁሉ ሄደዋል። አሥራ ሁለቱም እንዳይበዛ እፈራለሁ።" ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ ብነግረውም አይገባውም ብዬ ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለቱ ወንበር በሩ ከመከፈቱ ሞላ። ከዚያ ኮሪደሩ ሞላ፣ ከዚያ ፓርኪንጉ። የኤርፖርት ዩኒፎርም ሳያወልቁ የመጡ አሉ፤ ከአዳር ሥራ በቀጥታ የመጡ ነርሶች አሉ። ሴቶቻችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አለቀሱላቸው። ልጅየው በሩ ላይ ቆሞ ለእያንዳንዱ ወንበር ስለሌለ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ደግሞ ወደ ስልኩ ይመለሳል፤ ወንበር የሚያከራይ ድርጅት እየፈለገ ነው። ላብ በላብ ሆኗል። በመጨረሻ ወደ እኔና ወደ ጋሼ መጣ።

"እነዚህ ሰዎች እናቴን የት ያውቋታል?" አለ።

ጋሼ እንግሊዝኛቸው ለእንዲህ ዓይነት ነገር አይበቃቸውም፤ በአማርኛ ተናገሩ፣ እኔ ተረጎምኩ። "እናትህ አምስት ጊዜ መጥተውልናል" አሉ።

ልጅየው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። "እሺ፣ እኔ አሁን ምን ላድርግ? ምግብ ልዘዝ? ምን ልክፈል? ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም" አለ።

ወጣቶቹ ወንበሮቻችንን ከመኪና እያወረዱ ነበር። ጋሼ አንዱን ተቀብለው ዘረጉና ከእናቱ ሳጥን አጠገብ አቆሙት።

"ምንም" አሉ። "አንተ ተቀመጥ። እኛ እንመጣለን።"

ተቀመጠ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሰዉ አንድ በአንድ እየመጣ ትከሻውን ሲነካው ጥቂት ታገለ፤ ከዚያ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።